የኬሚካልና የቁሳቁስ ምሕንድስና ትምህርት ለነጋዴው የሚሰጠው ጥቅም

ከውጭ አገር የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚያስመጣ፣ ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ የሚልክ፣ ሳሙና፣ ሲሚንቶና ጄሪካን በሱቁ ደርድሮ የሚሸጥ፣ እነዚህ ሦስት ነጋዴዎች ሥራቸው የተለያየ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሦስቱም ትርፍና ኪሳራ በአንድ ጥያቄ መልስ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ፣ እንዴት እንደ ተሠራና ምን ያህል ዘመን እንደሚያገለግል ማወቅ ነው። ይህን ጥያቄ በቁጥርና በሚዛን ለመመለስ የሚያሠለጥኑ ሁለት ተጎራባች የዩኒቨርሲቲ ትምህርቶች አሉ። አንደኛው የኬሚካል ምሕንድስና፣ ሁለተኛው የቁሳቁስ ምሕንድስና ይባላሉ።

ልጁ ከነዚህ ክፍሎች ወደ አንዱ የተመደበበት ወላጅ ብዙ ጊዜ «ይህ ደግሞ ምን ሥራ ያስገኛል?» ብሎ ይጨነቃል። ሕንፃ የሚሠራውን መሐንዲስ ሁሉም ያውቀዋል፤ መብራት የሚዘረጋውንም ያውቀዋል። የኬሚካል መሐንዲስ ሲባል ግን ለብዙ ሰው የሚታየው በብልቃጥ መድኃኒት የሚቀምም ሰው ነው። ጭንቀቱ ከወላጅነት አልፎ የነጋዴነትም ሊሆን ይገባዋል፤ ምክንያቱም ተመራቂው የሚያገኘው ዕውቀት በየዕለቱ በመጋዘኑና በሱቁ ከሚያልፈው ዕቃ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

የሁለቱ ትምህርቶች ልዩነት

በኬሚስትና በኬሚካል መሐንዲስ መካከል ያለው ልዩነት በምሳሌ ሲታይ ይገለጻል። ኬሚስቱ በብልቃጥ ውስጥ ጥቂት ግራም የሚሆን አዲስ ነገር አዘጋጅቶ ባሕርዩን ይመረምራል። የኬሚካል መሐንዲሱ ያንኑ ነገር በቀን አሥር ቶን ለማምረት፣ ዋጋው ከገበያ እንዳይወጣ፣ ሠራተኛው እንዳይጎዳ፣ የዛሬው ምርት ከነገው እንዳይለይ አድርጎ ፋብሪካውን ያቅዳል፤ ከተሠራም በኋላ ያካሂደዋል።

የቁሳቁስ መሐንዲሱ ደግሞ የተሠራውን ነገር ውስጣዊ አቋም ይመረምራል። ብረት፣ ሸክላ፣ መስታወት፣ ሲሚንቶ፣ ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ሁሉም በዓይን ከሚታየው መልካቸው በታች የየራሳቸው የአቶሞች አሰላለፍ አላቸው። ጥንካሬያቸው፣ መተጣጠፋቸው፣ መዛጋቸውና መሰበራቸው የሚወሰነው በዚሁ አሰላለፍ ነው። ባጭሩ የኬሚካል መሐንዲስ ነገሩ የሚሠራበትን መንገድ፣ የቁሳቁስ መሐንዲስ ነገሩ የሚጸናበትን ምክንያት ያጠናሉ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያስተምሩት ስለዚህ ነው።

ትምህርቱ እንዴት ተጀመረ?

የኬሚካል ምሕንድስና ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ የተጀመረው ከ140 ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው። ጆርጅ ዴቪስ የተባለ እንግሊዛዊ የአልካሊ ፋብሪካዎችን የሚቆጣጠር የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ሲዘዋወር የሚመረተው ነገር ቢለያይም የሚሠራው ሥራ ተመሳሳይ መሆኑን አስተዋለ። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. በማንቸስተር ከተማ ይህንኑ ሐሳብ በ12 ተከታታይ ትምህርቶች አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት በ1888 ዓ.ም. በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኬሚካል ምሕንድስና የመጀመሪያውን ሙሉ የትምህርት ፕሮግራም ከፈተ።

በዚሁ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. አርተር ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ሐሳቡን ይበልጥ አብራራው። እርሱ እንደ ገለጸው ማንኛውም የኬሚካል ፋብሪካ በጥቂት መሠረታዊ ክንውኖች የተገነባ ነው፤ እነዚህም መፍጨት፣ መቀላቀል፣ ማሟሟት፣ ማጣራት፣ ማፍላት፣ ማትነን፣ ማድረቅና የመሳሰሉት ናቸው። ማድረቅን ጠንቅቆ ያጠና ሰው ቡናም ይሁን ሳሙና፣ ስኳርም ይሁን ቆዳ ማድረቅ ይችላል። ይህ ነጥብ ለነጋዴ ትልቅ ትርጉም አለው፤ አንድ ተመራቂ ለብዙ ዓይነት ንግድ የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነውና።

በማሰሮ ውስጥ ያለው ዕውቀት

ትምህርቱ ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ሥራው ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። አረቄ የምታወጣ ሴት በአንድ ማሰሮ፣ በአንድ የሸምበቆ መተላለፊያና በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ማጠራቀሚያ የምታከናውነው ነገር በዩኒቨርሲቲ አንድ ሙሉ የትምህርት ርእስ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲፈላ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ከማሰሮው የሚነሣው እንፋሎት ከጥንስሱ ይልቅ አልኮል ይበዛበታል። ያንኑ እንደገና ብታወጣው ዳግም አረቄ ይሆናል፤ ኀይሉም ይጨምራል።

ባለሙያዋ እሳቱን መቼ መቀነስ እንዳለባት፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ቀጭን ፈሳሽ መቼ እንደሚቆም በጣዕምና በልምድ ታውቃለች። ተማሪው የሚጨምረው ነገር ልኩን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ በዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ይማራል። ተራ አረቄ ደጋግሞ ቢወጣም አልኮሉ በክብደት ከ95.6 በመቶ እንደማያልፍና ከዚያ በላይ ሌላ ዘዴ እንደሚያስፈልግ ይማራል። ለአንድ ሊትር ምን ያህል ማገዶ እንደሚበቃም ያሰላል። ልምድ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል፤ ልክ ግን በወረቀት ተጽፎ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይተላለፋል።

የተማሪው የሒሳብ መዝገብ

ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ይማራል። ከዚያ በኋላ የሚገጥመው የመጀመሪያው የሙያ ትምህርት የቁስና የኀይል ሚዛን ይባላል። ነጋዴ ይህን ትምህርት ቢሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ ምክንያቱም የሒሳብ መዝገብ ነው። ወደ ፋብሪካው የገባው ሁሉ ወይ ወጥቷል፣ ወይ እዚያው ቀርቷል፤ ከገቢው የጎደለ ካለ ፈስሷል፣ ተኗል ወይም ተቃጥሏል ማለት ነው።

የቡና ነጋዴ ይህን ሒሳብ ባለማወቅ ስንት ጊዜ እንደሚጎዳ በምሳሌ እንይ። አንድ ነጋዴ ርጥበቱ 14 በመቶ የሆነ 100 ኩንታል ቡና ገዛ እንበል። ከዚህ ውስጥ ደረቁ ቡና 86 ኩንታል፣ ውሃው 14 ኩንታል ነው። ቡናው ለመላክ ወደ 11 በመቶ ርጥበት ቢደርቅ ክብደቱ 96.6 ኩንታል ይሆናል። ማንም ሳይሰርቅ፣ አንድም ፍሬ ሳይፈስስ 3.4 ኩንታል ጠፋ። ነጋዴው ይህን ያህል ውሃ በቡና ዋጋ ገዝቶ ነበር። ሳያደርቅ ቢያስቀምጠው ደግሞ ሌላ ጉዳት ይከተላል፤ ርጥበቱ ከ12.5 በመቶ በላይ የሆነ ቡና በመጋዘንና በመርከብ ሻጋታ ያበቅላል፤ ገዢውም አልቀበልም ሊል ይችላል። ከመጠን በላይ የደረቀ እንደ ሆነ ግን ፍሬው ይሰባበራል፤ ላኪው ክብደቱን በከንቱ ያጣል። በርጥበት መለኪያ የተደገፈ ግዢና በሒሳብ የተመራ ማድረቅ የሚያተርፈው በነዚህ ሁለት ጉዳቶች መካከል ያለውን ልክ ነው።

ከዚህ በኋላ ተማሪው ስለ ሙቀትና ኀይል፣ በቧንቧ ውስጥ ስለሚጓዝ ፈሳሽ፣ ሙቀት ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ስለሚተላለፍበት መንገድ፣ ቅልቅል የሆነው ስለሚለያይበት ዘዴ፣ ኬሚካሎች እርስ በርሳቸው በምን ፍጥነት እንደሚዋሐዱ ይማራል። በመጨረሻው ዓመት እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ ፋብሪካ ያቅዳል፤ የማሽኑን መጠን፣ የጥሬ ዕቃውን ወጪ፣ የምርቱን ዋጋ፣ ካፒታሉ የሚመለስበትን ዘመን በወረቀት አስልቶ ለመምህራኑ ያቀርባል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ 5 ዓመት ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ ጥቂት ወራት በፋብሪካ ወይም በሌላ የሥራ ቦታ ልምምድ የሚደረግባቸው ናቸው።

የሳሙና ሒሳብ

ለባለ ሱቅ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ሳሙና ነው። ሳሙና የሚገኘው ቅባት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ከሳሙናው ጋር ግሊሰሪን የተባለ ተረፈ ምርት ይወጣል። ነገር ግን ሁሉም ቅባት እኩል ሶዳ አይፈልግም። 100 ኪሎ የከብት ሞራ 14 ኪሎ ያህል ኮስቲክ ሶዳ ሲበቃው፣ 100 ኪሎ የኮኮናት ዘይት 18 ኪሎ ያህል ይፈልጋል። ይህን ሳያውቅ በአንድ መስፈሪያ የሚሠራ ሰው ከሁለት ጥፋት አያመልጥም። ሶዳው የበዛ እንደ ሆነ ሳሙናው የአጣቢዋን እጅ ያቃጥላል፤ ያነሰ እንደ ሆነ ያልተዋሐደው ቅባት በመደርደሪያ ላይ ይሻግታል፤ ሽታውም ይለወጣል። ባለ ሱቁም ደንበኛው የመለሰለትን ካርቶን ታቅፎ ይቀራል።

ከዚህ በላይ ሳሙና ሲቆረጥ ትኩስና ርጥብ ሆኖ ይከብዳል፤ እየደረቀ ሲሄድ ይቀላል። በክብደት የሚገዛ ነጋዴ እንደ ቡናው ሁሉ እዚህም ውሃ ሊገዛ ይችላል። ስለዚህ በዓለም ገበያ ሳሙና የሚወዳደረው በውስጡ ባለው ጠቅላላ የቅባት መጠን በመቶ ተቆጥሮ ነው። ይህን ቁጥር ከአቅራቢው የሚጠይቅ ባለ ሱቅ ሁለት ሳሙናዎችን በመልካቸውና በሽታቸው ከማነጻጸር ይድናል።

ቀጥቃጩና የቁሳቁስ መሐንዲሱ

የቁሳቁስ ምሕንድስናም በአገራችን የቆየ ወንድም አለው። ብረት ቀጥቃጭ ማጭዱን በእሳት አቅልቶ በውሃ ሲነክረው ብረቱ ይጠነክራል፤ እንደዚያው ቢተወው ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና በመጠኑ አሙቆ ያለዝበዋል። ተማሪው ይህ ለምን እንደሚሆን በማይክሮስኮፕ ያያል። በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ባይሞላ የብረቱን ጠባይ ይለውጠዋል፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ ለመውጣት ጊዜ ስለሚያጣ በብረቱ አቶሞች መካከል ተቀርቅሮ ያጠነክረዋል። ካርቦኑ በጣም ጥቂት የሆነውን ብረት ግን ቢነክሩትም ይህን ያህል አይጠነክርም። አንዱ የመኪና ስፕሪንግ መልካም ቢላዋ ሲወጣው ተራው የግንባታ ብረት የማይወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከብረት ወደ ክዳን ቆርቆሮ ስንመጣ ትምህርቱ ለአስመጪው የገንዘብ ጉዳይ ይሆናል። በገበያ ቆርቆሮ የሚጠራው ባለ 28፣ ባለ 30፣ ባለ 32 እየተባለ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ይህ ቁጥር ግን ብረቱን ከዝገት ስለሚጠብቀው የዚንክ ልባስ የሚናገረው ነገር የለም። ዚንክ ከብረት አስቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድናል፤ በአንድ ዓይነት አየር የቆርቆሮው ዕድሜ ከልባሱ ውፍረት ጋር ተመጣጥኖ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ልባሱ የሚለካው በካሬ ሜትር በሚገኘው ግራም ነው። ዜድ 275 የተባለው ቆርቆሮ በሁለቱም ገጽ ሲደመር በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ አለው፤ ይህም በአንድ ገጽ ወደ 20 ማይክሮን ይጠጋል። ዜድ 100 የተባለው ግን በአንድ ገጽ 7 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ሁለቱ ቆርቆሮዎች በሱቅ ሲታዩ እኩል ያበራሉ፤ በዝናብና በፀሐይ ሥር ግን የአንደኛው ዕድሜ ከሁለተኛው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። አስመጪው በውሉ ላይ ውፍረቱን ብቻ ጽፎ የዚንኩን ግራም ካልጻፈ፣ ላኪው ቀጭኑን ልባስ ቢልክለት ውሉን አፈረሰ ሊባል አይችልም። የሚጎዳው ግን ለዓመታት ቆጥቦ ቤቱን የከደነው ገዢ ነው፤ ስሙ የሚጠፋውም ሻጩ ነጋዴ ነው።

በሲሚንቶ ከረጢት ላይ የሚታየው 32.5 ወይም 42.5 የሚለውም ቁጥር እንዲሁ ትርጉም አለው። ከሲሚንቶው የተሠራው መሞከሪያ በ28 ቀን ዕድሜው ሲፈተን በካሬ ሚሊ ሜትር ቢያንስ ይህን ያህል ኒውተን ጫና ሳይፈርስ እንዲሸከም ይጠበቃል። ከ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ተቃጥሎ ከጥቂት ጂፕሰም ጋር የተፈጨው ሲሚንቶ ውሃ እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ ውሃ ሲያገኝ ይጠጥራል። ውሃው ከባልዲ ቢመጣ ወይም ከመጋዘኑ አየርና ወለል ቢመጣ ለሲሚንቶው ልዩነት የለውም። ስለዚህ ከረጢቱን በእርጥብ ወለል ላይ የደረደረ፣ አሮጌውን ከኋላ አስቀምጦ አዲሱን አስቀድሞ የሸጠ ነጋዴ የጥንካሬውን ቁጥር በከረጢቱ ላይ ትቶ ጥንካሬውን ራሱን ያጣል።

ፕላስቲክም ሌላው ምሳሌ ነው። ለስላሳው የዕቃ መያዣ ላስቲክና ጠንካራው ጄሪካን ሁለቱም ፖሊኤትሊን ከሚባል ከአንድ ዓይነት ነገር ሊሠሩ ይችላሉ። በላስቲኩ ውስጥ ያሉት የሞለኪውል ሰንሰለቶች እንደ እሾህ ዛፍ ቅርንጫፍ የበዛባቸው ስለ ሆኑ ተጠጋግተው አይቀመጡም፤ በጄሪካኑ ውስጥ ያሉት ግን እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያሉ ስለ ሆኑ ተጠጋግተው ይታሰራሉ። ጥሬ ፕላስቲክ የሚያስመጣ ነጋዴ «ፖሊኤትሊን» ብሎ ብቻ ቢያዝዝ የትኛውን እንዳዘዘ አልተናገረም።

የቆዳ ነገር

ከሁሉ በላይ የዚህ ዕውቀት ዋጋ የሚታየው በቆዳ ንግድ ነው። የባቲ ፍየል ቆዳና የሰላሌ በግ ቆዳ በውጭ ገዢዎች ዘንድ በስማቸው የሚታወቁ ናቸው። ነገር ግን እንስሳው ከታረደ በኋላ ቆዳው ወዲያው መበስበስ ስለሚጀምር በጨው ያልተጠበቀ እንደ ሆነ ስሙ አያድነውም። ጥሬ ቆዳ ከውሃ ጋር ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ተኮማትሮ ይበላሻል። በክሮም ጨው የለፋው ግን እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በጥሬ ቆዳና በተጠናቀቀ ቆዳ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 567 በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ቀረጥ ጣለ። ዓላማው ቆዳው በአገር ውስጥ ተጠናቅቆ እንዲላክ ነበር። ቀረጥ በሩን ሊዘጋ ይችላል፤ ቆዳውን ለማልፋት ግን አይችልም። የማልፊያው ከበሮ አሲድነት በልኩ ሳይስተካከል ክሮሙ ከገባ ቆዳው ላይ ላዩን ብቻ ይለፋና ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮም ሦስት ጉዳቱ ዝቅተኛ ሲሆን፣ ከመጠን በላይ በሆነ ሙቀት፣ ባልተስማማ ቅባት ወይም በአሲድነት ቁጥጥር ጉድለት ክሮም ስድስት ወደተባለው መርዘኛ ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። የአውሮጳ ኅብረት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቆዳ የሚነካ የቆዳ ዕቃ በኪሎ ከ3 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ክሮም ስድስት ብቻ እንዲኖረው ደንግጓል። ሦስት ሚሊ ግራም በጣት ጫፍ የማይያዝ ነው፤ ሙሉ የጭነት ሣጥን ግን ያስመልሳል። ይህን መጠን የሚለካውና እንዳይፈጠርም የሚከላከለው በዚህ ትምህርት የሠለጠነ ሰው ነው።

የፋብሪካ መጠንና ዋጋ

ካፒታሉን ወደ ፋብሪካ ለማዞር የሚያስብ ነጋዴ ከዚህ ትምህርት ሌላ ጠቃሚ ነገር ያገኛል። መሐንዲሶች በልምድ ያጸኑት ደንብ አለ፤ የፋብሪካ የማምረት ዐቅም ሁለት እጥፍ ሲሆን ወጪው ሁለት እጥፍ አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። ጋን ሁለት እጥፍ እንዲይዝ ሲደረግ የሚፈልገው ሸክላ ሁለት እጥፍ ስለማይሆን ነው። ለምሳሌ በቀን 10 ቶን የሚያመርት ፋብሪካ 100 ሚሊዮን ብር ቢፈጅ፣ 20 ቶን የሚያመርተው 152 ሚሊዮን ብር ያህል ይፈጃል። የእያንዳንዱ ቶን ድርሻ ከ10 ሚሊዮን ወደ 7.6 ሚሊዮን ብር ይወርዳል ማለት ነው። ነገር ግን ደንቡ ሁለት አፍ ያለው ነው። ትልቁን ፋብሪካ ሠርቶ በጥሬ ዕቃ እጦት በግማሽ ዐቅሙ የሚያሠራው ሰው ትንሹን ከሠራው ይልቅ ይከስራል። ስለዚህ የገበያውንና የጥሬ ዕቃውን ልክ የሚያውቀው ነጋዴ፣ የማሽኑን ልክ ከሚያውቀው መሐንዲስ ጋር አስቀድሞ መመካከር ይገባዋል።

በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ለኢትዮጵያ የዚህ ዓይነት ሥራ ጥሩ ማሳያ ነበር። ሸንኮራው ይጨመቃል፣ ጭማቂው በኖራ ይጣራል፣ ይተንናል፣ ስኳሩ ይረጋል፣ በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን ከሞላሰሱ ይለያል። ገለባው ለፋብሪካው እሳት ማገዶ ይሆናል፤ ከሞላሰሱ አልኮል ማውጣት ይቻላል። የሚጣል ነገር እንዳይኖር ማድረግ የመሐንዲሱ ሙያ ነው። በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሌ ክልል በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ስምምነት ተፈርሟል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ ነው፤ ሥራውም የሚጀምረው ከአየር ናይትሮጅንን፣ ከተፈጥሮ ጋዝ ሃይድሮጅንን ወስዶ በከፍተኛ ሙቀትና ጫና በማዋሐድ ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ በማሽን ግዢ ብቻ አይቆምም፤ ሌሊትና ቀን የሚመራው የሠለጠነ ሰው ይሻል።

ትምህርቱ የት ይገኛል? ነጋዴውስ ምን ያድርግ?

በኢትዮጵያ የምሕንድስና ትምህርት በአዲስ አበባ ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአምስት ኪሎ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የኬሚካል ምሕንድስናን ያስተምራሉ። የቁሳቁስ ሳይንስና ምሕንድስናን ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲና የአዳማው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። ስለዚህ ዕውቀቱን ፍለጋ ባሕር መሻገር ግድ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ እስከ መርካቶ ያለው መንገድ በኪሎ ሜትር አጭር ሲሆን በሥራ ግንኙነት ረጅም ሆኖ ይታያል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራበት እውነተኛ ችግር ሲያጣ፣ ነጋዴው በመጋዘኑ ውስጥ መፍትሔ ያጣ ችግር ታቅፎ ይኖራል። የሳሙና አምራቹ የተመለሰበትን ምርት፣ ቆዳ ላኪው ውድቅ የሆነበትን ጭነት፣ ቡና ላኪው የጎደለበትን ክብደት ለትምህርት ክፍሉ ቢያቀርብ፣ ለተማሪው ጥናት፣ ለነጋዴው መፍትሔ ይሆናል። ለልምምድ የሚመጣውን ተማሪ በር ላይ ከመመለስ ወይም ሻይ አምጪ ከማድረግ ይልቅ መለኪያ አስይዞ በጥሬ ዕቃው መግቢያ ላይ ማቆም ለድርጅቱ የበለጠ ይጠቅማል።

የግዢ ውልም በዚህ ዕውቀት ሊታገዝ ይገባዋል። ቆርቆሮ ሲታዘዝ የዚንኩን ግራም፣ ሲሚንቶ ሲገዛ የጥንካሬውን ቁጥርና የተመረተበትን ቀን፣ ሳሙና ሲገዛ የቅባቱን መጠን በመቶ፣ ቡና ሲገዛ ርጥበቱን፣ ቆዳ ሲሸጥ የክሮሙን ምርመራ በውሉ ላይ መጻፍ ብዙ ወጪ የለውም። ከዕቃው ላይ ሁለቱ ወገኖች ባሉበት ናሙና ወስዶ አሽጎ ማስቀመጥ፣ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆናል። ሁልጊዜ መሐንዲስ ለመቅጠር ዐቅም የማይበቃው አነስተኛ ነጋዴ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ተባብሮ አንድ ባለሙያ በጋራ ሊያሠራ ይችላል፤ የማድረቅና የማጣራት፣ የመመዘንና የመፈተን ሥራ በሁሉም ንግድ ውስጥ አንድ ነውና።

ነጋዴ በሚዛን የሚኖር ሰው ነው። የሚዛኑ አንደኛው ሳህን ገንዘቡን ሲመዝን፣ ሁለተኛው የዕቃውን ባሕርይ ካልመዘነ ሒሳቡ ሚዛን አይደፋም። ልጁን ወደነዚህ ክፍሎች የላከ ወላጅ ሁለተኛውን ሳህን የሚያስተካክል ሰው አስተምሯልና ሊጨነቅ አይገባውም፤ ተመራቂው ወጥቶ ሥራ ሲፈልግ በሩን የሚከፍትለት ነጋዴም ለራሱ ጥቅም የከፈተው መሆኑን ይወቅ።